ከጅማ እስከ ግልገል ግቤ ሐይቅ በብስክሌት፦ ሌሊቱን እንንዳው ወይስ እንደርበት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። "የጅማ ልጆች ነን፤ አሥራ አራት እንሆናለን። ቅዳሜና እሁድ እየተሰባሰብን ብስክሌት እንነዳለን። አብዛኞቻችን ማውንቴን ነው ያለን፤ ሁለት ሦስት ኮርሳም አለ። እንግሊዝ አገር ሰዎች ማታ ከለንደን ተነስተው ሌሊቱን ሙሉ ሲነዱ አድረው ንጋት ላይ ባህር ዳርቻ ሲደርሱ በቪዲዮ አየን። እኛ ባህር የለንም፤ የግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ግን አለን። በሙሉ ጨረቃ ማታ ከጅማ ተነስተን ሲነጋ ሐይቁ ዳር ብንደርስስ? እንዴት እናቅደው?"

ሀሳባችሁን ወድጄዋለሁ፤ ሂዱ። ሌሊቱን ግን አትንዱት። ቀን ነድታችሁ ውሃው አካባቢ እደሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። "ታዲያ ምኑን የሌሊት ጉዞ ሆነ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። መጀመሪያ ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ ከዚያ እቅዱን እንሥራ።

ያያችሁት ደንዊች ዳይናሞ የሚባለውን ጉዞ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ነው። በየዓመቱ ጁላይ ላይ፣ ለሙሉ ጨረቃ በቀረበ ቅዳሜ ማታ፣ ከምሥራቅ ለንደን ይነሱና ሰፎክ የሚባለው ግዛት ውስጥ ደንዊች ባህር ዳርቻ ላይ ያበቃሉ። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምዝገባ የለውም፤ የፈለገ ብስክሌቱን ይዞ ይመጣል።

ሰዎቹ ከእናንተ ስለሚጎብዙ አይደለም የሚሳካላቸው። ቦታውና ወቅቱ ስለሚያግዛቸው ነው። በዚያ ወር እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ደግሞ ትወጣለች። ጨለማው ስምንት ሰዓት አይሞላም። የሚነዱትም ከከተማ ከወጡ በኋላ በአብዛኛው መኪና በማይበዛበት የገጠር መንገድ ላይ ነው። ብዛታቸውም ቀላል አይደለም፤ መንገዱ በቀይ መብራት ስለሚሞላ ሹፌር ሳይወድ በግዱ ያያቸዋል።

ወደ ጅማ እንመለስ። የእኛ ሌሊት በጋም ሆነ ክረምት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ጥር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ይጨልማል። የምትነዱበት ደግሞ የአዲስ አበባው አስፋልት ነው። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ቦቴው፣ የጫት መኪናው፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። አሥራ አራት ብስክሌት ደግሞ ያንን መንገድ በመብራት አይሞላውም።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። ሰው ከፊቱ ያለውን ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ፍሬኑ ሳይነካ ስምንት ሜትር አለፋችሁ ማለት ነው። ርካሹ የብስክሌት መብራት አጥርቶ የሚያሳየው አሥር ሜትር ቢሆን ነው። በቀረችው ሁለት ሜትር ብስክሌት አይቆምም። ከፊታችሁ ያለው ደግሞ አስፋልቱ ሞቆት የተኛ ጥቁር በሬ ሊሆን ይችላል። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅሙን መብራት ለቆባችሁ ካለፈ ችግሩ ይብሳል። ዓይን ጨለማውን እንደገና በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ አምስት መኪና ይገጥማችኋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ሰዓት ሰውነት በጣም የሚደክምበት፣ እንቅልፍ የሚያይልበት ነው። ይሄ ለእናንተም ለሹፌሩም እኩል ይሠራል።

ኬላና ጸጥታን ልጨምር? ሌሊት በመንገድ ላይ አሥራ አራት ወጣት በቡድን ሲሄድ ማን እንደሆነ ያላወቀ ሁሉ ይደነግጣል። እናንተም ያስደነገጣችሁትን ሰው ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

ጨረቃዋ ግን አትቅርባችሁ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በየቀኑ ደግሞ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ትሄዳለች። ስለዚህ ጉዞውን ሙሉ በምትሆንበት ቀን ወይም ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉት። ቀን ነድታችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ፣ ታጥባችሁ ቁጭ ብላችሁ ስትወጣ ታዩዋታላችሁ። እየነዳ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጎማ ነው።

ቀን የመንዳቱ ሌላ ጥቅም ፀሐይ ናት። ሐይቁ ከጅማ በስተምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ከሰዓት ወደዚያ ስትነዱ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ምዕራብ ስትመለሱም እንደገና ከጀርባችሁ ናት። ሁለቱንም ቀን ዓይናችሁን አትወጋም፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌርም ፀሐይ የበራባችሁን ጀርባችሁን አጥርቶ ያያል። እናንተ ባላችሁት እቅድ ግን ንጋት ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደክማችሁ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ታገኟታላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይኑ ይያዛል። በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና ሊቀድም ብሎ ወደ እናንተ መስመር ሊገባ ስለሚችል ቀኛችሁን አጥብቃችሁ ያዙ።

ወቅቱን በሚመለከት ብዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። የቀራችሁ ከህዳር እስከ የካቲት ነው። ህዳርና ታህሳስ የቡና ለቀማ ስለሆነ የጭነት መኪናው ይበዛል። ከአዝመራው በኋላ በቆሎም ሆነ ሌላ እህል አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሊሰጣ ስለሚችል ወደ መሀል ያስወጣችኋል። ምርጫዬ ጥር ነው። ረመዳን ከገባ ግን አሻግሩት፤ ከመካከላችሁ ጿሚ እንደሚኖር ጥርጥር የለውም፣ ያለ ውሃ ደግሞ ይሄ አይነዳም። በየመንገዱ ያሉት ከተሞች የገበያ ቀናቸው መቼ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። በገበያ ቀን መንገዱ የአህያና የጋሪ ነው።

ርቀቱ በየትኛው በኩል ወደ ውሃው እንደምትወርዱ ይወሰናል፤ ከ55 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ያዙት። ሰርቦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አሰንዳቦ 50 አካባቢ። ለማውንቴን ብስክሌት፣ ወጣ ገባ ባለ መንገድ፣ በቡድን፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አስቡ። "እኛ 25 እንነዳለን" የሚል ልጅ አይጠፋም። እሱ ብቻውን ይነዳል፤ ቡድን ግን የሚነዳው በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከጅማ ውጡ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቦን አልፋችኋል። 9 ሰዓት ላይ አሰንዳቦ መድረስ አለባችሁ። ይቺን ሰዓት እንደ ሕግ ያዙልኝ፦ 9 ሰዓት ላይ አሰንዳቦ ያልደረሰ ሰው ብስክሌቱ መኪና ላይ ይጫናል። ክርክር የለም፣ "ትንሽ ነው የቀረኝ" የለም። ቀድማችሁ በጋራ ከተስማማችሁ ማንም አይቀየምም፤ እዚያ ላይ ከተወራ ግን ጓደኝነት ይበላሻል። በዚህ አካሄድ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳላችሁ፤ ከመጨለሙ በፊት ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ አላችሁ። ጎማ የሚፈነዳው፣ ሰው የሚያዞረው፣ ዝናብ የሚመጣው ለዚያ ሰዓት ነው። እንዲያም ሆኖ መብራት ያዙ፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። አንጸባራቂ ሰደርያም ለሁሉም።

አሥራ አራት ሰው በአንድ ሰልፍ አይሂድ። ሹፌር አሥራ አራት ብስክሌት በአንዴ መቅደም አይችልም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከፊት መኪና ሲመጣበት ወደ እናንተ ይጠጋል። ሰባት ሰባት ሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ በመሀላችሁ 200 ወይም 300 ሜትር ይኑር። አንድ ለአንድ ተከታትላችሁ ንዱ። ጎን ለጎን ሆኖ ወሬ የከተማ ነው።

በእያንዳንዱ ቡድን ፊት ላይ አንድ መሪ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ደጀን ይኑር። መሪው ጎበዙ መሆን የለበትም፤ ረጋ ያለው ይሁን። ደጀኑ ግን ጎበዝ ይሁን፣ ጎማ መቀየርም ይቻል፤ ማንንም ጥሎ አያልፍም። ደካማውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ አስቀምጡት። ብዙ ቡድን ደካማውን መጨረሻ ላይ ይተወዋል። ያ ሰው ነፋሱንም ብቻውን ይጋፈጣል፣ በእያንዳንዱ ዳገት ርቀቱን ለመድፈን ሲሮጥ ይደክማል። ከፊት ሲሆን ግን መሪው ትንፋሹን እየሰማ ይነዳል።

የቡድን አደጋ አብዛኛው ከመኪና አይደለም፤ እርስ በእርስ ነው። የፊት ጎማችሁ ከፊታችሁ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አይግባ። እሱ ጉድጓድ ሊሸሽ ትንሽ ዘወር ካለ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ምንም አይሆንም። ስለዚህ አንድ ብስክሌት የሚያህል ክፍተት ተዉ። ድንገት ፍሬን አይያዝ። ፊት ያለው "ጉድጓድ!"፣ "ከብት!"፣ "ቁም!" ሲል እያንዳንዱ ሰው ጮክ ብሎ ወደ ኋላ ያሳልፈው። ከኋላ ከባድ መኪና ከመጣ ደጀኑ "መኪና!" ይላል፤ እሱም ወደ ፊት ይተላለፋል። ዳገት ላይ ሁሉም በራሱ አቅም ይውጣና ጫፉ ላይ ይጠባበቅ። ቁልቁለት ላይ ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉት።

በየ10 ወይም 12 ኪሎ ሜትሩ ቁሙ። ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፤ ብስክሌት ጠርዝ ላይ አጋድሞ መቆም አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግፍ አለ። ቀድሞ የደረሰው አሥር ደቂቃ ያርፋል። የመጨረሻው እያለከለከ ሲደርስ "በሉ እንሂድ" ይባላል። ከሁሉም በላይ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ያለ ዕረፍት ቀረ። ዕረፍቱ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከብስክሌቱ ከወረደ በኋላ ይሁን።

ሕጻናት "ሳይክል! ሳይክል!" እያሉ ሲሮጡ ፍጥነት ቀንሱና በአፋን ኦሮሞ ሰላም በሏቸው። ውሻ ካባረራችሁ አትሽቀዳደሙት፤ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሀላችሁ አድርጉ፣ ረጋ ብላችሁ ተራመዱ። አብዛኛው ውሻ የሚሮጥ ነገር እንጂ የሚራመድ አያጓጓውም።

ብስክሌቱን ከሳምንት በፊት አስፈትሹት፤ በመነሻው ቀን ጠዋት አይሆንም። የፍሬኑ ላስቲክ ካለቀ ይቀየር። ሰንሰለቱ ተጠርጎ ዘይት ይቀባ። የማውንቴን ጎማ ለስለስ ብሎ ከተነፋ አስፋልት ላይ ጉልበት ይበላል፤ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን አይታችሁ ወደ ላይኛው ቁጥር አስጠግታችሁ ንፉት። የኮርቻውን ከፍታ በቀላሉ ማወቅ ይቻላል። ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን ስታሳርፉበት እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ጉልበት የሚያማቸው ልጆች ብዙዎቹ ኮርቻ ዝቅ አድርገው የሚነዱ ናቸው። ኮርሳ የያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የብዙ ኮርሳ ካላማዳሪ የአየር ማስገቢያው ጫፍ ቀጭን ነው። መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ኮምፕረሰር የሚገጥመው እንደ መኪናው ላለው ወፍራሙ ነው። የራሳችሁን መንፊያ ካልያዛችሁ እዚያው ትቀራላችሁ።

ምግብ ላይ ቁርሱን 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብሉ፤ ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ ግን ለሌላ ቀን። መንገድ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል። አንድ ትልቅ ሙዝ ከዚህ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ይሰጣችኋል። ዳቦ፣ ቆሎ ጨምሩበት። በማር የተበጠበጠ በሶ ከማንኛውም የፈረንጅ መጠጥ አያንስም፤ የጾም ጊዜ ቢሆንም ያገለግላል። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ጠጡ። ላብ የሚበዛበት ሰው አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጥ። ሳይርባችሁ ብሉ። ከራባችሁ በኋላ ዘግይታችኋል። አሰንዳቦ ላይ ቡና ትጠጣላችሁ፣ የጅማ ልጅ ቡና ሳይጠጣ አልፎ አያውቅም። አቦሏን ብቻ ጠጥታችሁ ተነሱ፤ በረካው ማታ ይደርሳል።

አጃቢ መኪና የግድ ነው። ባጃጅ አይሆንም። ፖርቶመጋላ ያለው አባዱላ ወይም ፒክአፕ ተከራዩና መዋጮውን እኩል አድርጉት፤ ብስክሌቱ መኪና ላይ የተጫነበት ሰው ብቻውን አይከፍልም። መኪናው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ቡድን ኋላ ይሁን። ሻንጣ በሙሉ እሱ ላይ ይጫን፤ ጀርባ ላይ ቦርሳ አዝሎ 60 ኪሎ ሜትር መንዳት ወገብ ይቆርጣል። የቁስል ማሸጊያና ንጹህ ጨርቅ ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደብዳቤ ያዙ። ከከተማችሁ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስማችሁ የተዘረዘረበት ወረቀት አጽፉ። ከዚያ ለምታልፉባቸውና ለምታድሩበት ወረዳ ፖሊስ ቀድማችሁ በአካል አሳውቁ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ደህና መሆኑንም እነሱ ይነግሯችኋል። "አሁን አትሂዱ" ካሉ አትሂዱ። መታወቂያ በኪስ ይሁን፣ መኪና ውስጥ አይቅር። ግድቡ ራሱ ጥበቃ ያለበት ቦታ ስለሆነ ወደ ግንቡ አትጠጉ፣ ፎቶም አታንሱ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ሌላ ዳርቻ ምረጡ።

ማደሪያው ላይ ከእናንተ ጋር ልንጣላ ነው። ድንኳን ተክለን ውሃው ዳር እንደር ትላላችሁ። አይሆንም ባይ ነኝ። በግልገል ግቤ ግድብ ዙሪያ ያለው ወባ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ ነው። ለወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የተኛ ውሃ ዳር ይመቻታል። የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ጉማሬ አለ። የቦዬን ረግረግ የሚያውቅ የጅማ ልጅ ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ከውሃ እንደሚወጣ አይነገረውም። ድንኳናችሁ መንገዱ ላይ ከተተከለ ዞሮ አያልፍም።

ስለዚህ አሰንዳቦ ወይም ደነባ አልጋ ያዙ፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ። አሥራ አራት ሰው ድንገት ቢመጣ ትንሽ ከተማ አልጋ አይበቃም። አጎበር መኖሩን ጠይቁ፣ ከሌለ ከቤት አምጡ። ሐይቁን ከመጨለሙ በፊት እዩት፣ ጨረቃዋን ከከተማው ሆናችሁ እዩ። ማታ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ልበሱ። ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጃኬት አይቅር።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ቀትር ላይ ጅማ ናችሁ። የሁለተኛው ቀን ግን የሚከብደው ኮርቻው ላይ መቀመጡ ነው። ለእሱ ልምምድ ያስፈልጋል። ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ወደ ሰርቦ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ዳገቱን ውጡ። ከመነሻው ሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜም እሁድም 40 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ዝግጁ ነው። ያንን ያልቻለ ከአጃቢ መኪናው ሹፌር አጠገብ ቦታ አለው፤ ፎቶ የሚያነሳም ያስፈልጋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት የጀመረው ሰው "ድካም ነው" ብሎ አይተኛ። የወባ ምልክት ከንክሻው ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ጉዞውን ረስታችሁት ትሆናላችሁ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፣ የት እንዳደራችሁም ንገሯቸው።